ባለሞተሩ ዱርዬና ባለፈረሱ ሽፍታ

ሕግ አክባሪ የሆነ ሰው ሕግ አፍራሹን በሲኒማ ሸራ ላይ ሲያየው ደስ የሚለው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለጨዋታ ያህል የሚነሣ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ የዋለ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ደብተር ሲያርም ያመሸ መምህር፣ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ሁሉም በየፊናቸው ሥርዐትን ጠብቀው የሚኖሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ከፊልም ፊት በተቀመጡ ጊዜ ልባቸው የሚያደላው ለዳኛው ወይም ለፖሊሱ ሳይሆን ከሕግ ለሸሸው ሰው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በጥቂት ገንዘብ ተሠርተው ብዙ ተመልካች ያገኙትን፣ በሞተር ብስክሌት እየጋለቡ ከተማ የሚያውኩ ዱርዬዎችን የሚያሳዩትን የአሜሪካን ፊልሞች መርምረን፣ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለምንኖር ሰዎች ምን ቁም ነገር እንዳላቸው ለአንባቢያን ለማቅረብ አስበናል።

በቅድሚያ የነገሩን አመጣጥ እናስረዳ። ከዚህ በታች የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ፣ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በ1947 በሐምሌ ወር መጀመሪያ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆሊስተር በምትባል ትንሽ ከተማ ለበዓል የተሰበሰቡ ሞተረኞች ጠጥተው ከተማይቱን አወኩ። ጋዜጦች ነገሩን ከሆነው ይልቅ አግንነው አወሩት፤ ላይፍ የተባለውም መጽሔት በቢራ ጠርሙሶች መካከል ሞተሩ ላይ የተንጋለለ ሰው ፎቶግራፍ አወጣ። በ1951 ፍራንክ ሩኒ የሚባል ደራሲ ከዚሁ ወሬ ተነሥቶ አጭር ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ1953 መጨረሻ ደግሞ ላዝሎ ቤኔዴክ ያዘጋጀውና ማርሎን ብራንዶ መሪ ተዋናይ የሆነበት «ዘ ዋይልድ ዋን» የተባለው ፊልም ለሕዝብ ታየ። ስሙን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «ዱርዬው» ለማለት ይቻላል። የእንግሊዝ አገር የፊልም መርማሪዎች ወጣቱን ያበላሻል ብለው ለዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ፈቃድ ነፈጉት። ፈቃድ መከልከሉ ግን ዝናውን አልቀነሰውም፤ ያላየው ሁሉ ለማየት የሚመኘው ሆነ እንጂ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ፊልሞች ግን ከትልልቆቹ የሆሊውድ ድርጅቶች ሳይሆን ከትንንሾቹ የወጡ ናቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምስ ኒኮልሰንና ሳሙኤል አርኮፍ የመሠረቱት አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የተባለው ድርጅት የሚሠራው ሰው በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከሜዳ ላይ ለሚያየው ሲኒማ ነበር። የሚመጡለትም ተመልካቾች ወጣቶች ናቸው። በ1966 ሮጀር ኮርማን የተባለው አዘጋጅ ለዚሁ ድርጅት «ዘ ዋይልድ ኤንጅልስ»ን በጥቂት ሳምንታትና በ360 ሺሕ ዶላር ገደማ ወጪ ሠራ፤ ገቢው ግን በሚሊዮን የሚቈጠር ሆነ፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል ታየ። ነጋዴው ትርፉን ባየ ጊዜ ከዚያ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተመሳሳይ ፊልሞች በደርዘን እየተቈጠሩ ወጡ። ከእነርሱ ሁሉ የገነነው በ1969 ዴኒስ ሆፐር ያዘጋጀው «ኢዚ ራይደር» ነው፤ ወጪው ወደ 400 ሺሕ ዶላር ሲሆን በዓለም ዙሪያ ያስገባው ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

አንዳንድ ሐያስያን እነዚህን ፊልሞች በርካሽነታቸው ብቻ ይንቋቸዋል። እኛ ግን ርካሽነታቸውን እንደ ጉድለት ብቻ ልናየው አይገባም እንላለን። ገንዘብ ያለው አዘጋጅ ከተማውን በእንጨትና በቀለም ያስገነባል፤ ፀሐይዋንም በመብራት ይተካታል። ገንዘብ የሌለው ግን እውነተኛውን መንገድ፣ እውነተኛውን አቧራ፣ እውነተኛውን የነዳጅ ማደያ ከማሳየት በቀር ሌላ አማራጭ የለውም። ኮርማን ለተዋናዮቹ አጃቢነት የቀጠራቸው ሄልስ ኤንጅልስ ከተባለው የሞተረኞች ማኅበር የመጡ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ። «ኢዚ ራይደር»ን የቀረጸው ላዝሎ ኮቫክስም ከአገሩ ከሀንጋሪ ተሰድዶ የመጣ ሲሆን፣ እጁን ያፍታታው እንደዚህ ባሉ ርካሽ ፊልሞች ላይ ነው። የሥራው ውበት የተገኘው በችግር ምክንያት ከተለማመደው ከዚሁ የሜዳ ሥራ ነውና፣ ድኽነት ሁልጊዜ የኪነ ጥበብ ጠላት አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ተመልካችን የሚስበው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ነገሩ ሦስት ነው። የመጀመሪያው መኪናው ራሱ ነው። ሞተር ብስክሌት ነጂውን እንደ አውቶሞቢል ከግድግዳ ውስጥ አይደብቀውም፤ ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል፣ ጒልበቱም ከሞተሩ ጒልበት ጋራ አንድ ይመስላል። ይህ ለእኛ ለደገኞቹ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ጀግናውን በገዛ ስሙ መጥራት ስላልበቃቸው በፈረሱ ስም ይጠሩት ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር ማለታቸው ስለዚህ ነው። ሰውየው የሚታወቀው በሚጋልበው ነው የሚለውን ነገር አሜሪካኖቹ ከማወቃቸው በፊት እኛ እናውቀው ነበር።

ሁለተኛው ማኅበሩ ነው። የፊልሙ ሞተረኛ አባትና እናቱ አይታዩም፤ ርስትም ሙያም የለውም። በጀርባው ላይ የተሰፋ ምልክትና አብረውት የሚጋልቡ ባልንጀሮች ግን አሉት። ከገጠር ወጥቶ በከተማ ክፍል ተከራይቶ ለሚማር ወጣት፣ ዕድርም ጽዋም ገና ላልገባ ሰው፣ ይህ «እኛ» የሚል ቃል ትልቅ መስሕብ አለው። ሦስተኛውም እምቢታው ነው። የፊልሙ ሰው ማመልከቻ አይጽፍም፣ ወረፋ አይጠብቅም፣ ነገ ተመለስ ሲባል አይመለስም። በየቢሮው ደጅ የጠና ሁሉ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የተቀመጥነውም ጭምር፣ ይህን ሲያይ አንድ ነገር ልቡን ደስ ያሰኘዋል። ይህን ደስታ ሰምተን እንዳልሰማን ብናልፈው ሂሳችን ሐሰት ይሆናል።

ነገር ግን በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ ውስጥ ማንም ያላመሰገናት አንዲት ተዋናይ አለች፤ እርስዋም ትንሿ ከተማ ናት። ሞተረኞቹ የሚመጡት ወደ እርስዋ ነው፤ የሚሰበረው የእርስዋ መስኮት፣ የሚደፈረው የእርስዋ ሽማግሌ፣ የሚፈሰው የእርስዋ መጠጥ ነው። አዘጋጆቹ ግን የከተማይቱን ሰዎች ከሁለት በአንዱ መልክ ብቻ ያሳዩዋቸዋል፤ ወይ ፈሪዎች ናቸው፣ ወይ አራዊት ናቸው። በ«ዘ ዋይልድ ዋን» የከተማው ፖሊስ ቆራጥነት የሌለው ሽማግሌ ነው፤ በ«ኢዚ ራይደር» ደግሞ የአሜሪካን አገር የደቡቡ ክፍል ባላገሮች እንግዳን ከመግደል በቀር ሌላ ሐሳብ ያላቸው አይመስሉም። ዳቦ ጋጋሪው፣ አስተማሪዋ፣ የጤና ረዳቱ በፊልሙ ውስጥ የሉም።

አንባቢ ሆይ! እኛ እኮ ትንሿ ከተማ ነን። መካነ ሰላም ከደሴ በአቀስታ በኩል ተጕዞ የሚደረስባት፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ስሟም የሰላም ስፍራ ማለት የሆነ የቦረና ከተማ ናት። አንድ ማለዳ ሠላሳ ሞተረኞች እያጓሩ ቢመጡብን የሚሰበረው የእኛ መስኮት ነው። እንዲህም ሆኖ ሳለ የዚህች ከተማ ወጣት ፊልሙን ሲያይ የሚያጨበጭበው ለሞተረኞቹ ነው። የራሱን ከተማ ሲያውኩ በአዋኪው ወገን ተሰልፎ ያያል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው ብንል፣ እያንዳንዱ ወጣት ራሱን እንደ ከተማው ነዋሪ ሳይሆን ነገ ከተማውን ጥሎ እንደሚሄድ መንገደኛ አድርጎ ስለሚያስበው ነው። ፊልሙ ያልዘራውን ምኞት አያበቅልም፤ በልብ ውስጥ ያለውን የመሄድ ምኞት ፊት ሰጥቶ ያሳየዋል እንጂ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር እንጨምር። በቦረናና በሳይንት ቀበሌዎች ሞተር ብስክሌት ሲነዳ የኖረው ማን ነው? የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት የሚያደርሰው የጤና ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤቶችን የሚቈጣጠረው ሱፐርቫይዘር ነው። ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ ቤንዚኑም በፊርማ የሚወጣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዐመፅ ምልክት የሆነው ነገር እዚህ የክትባት ሣጥን ይሸከማል። እውነት ለመናገር፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ አንድ የክትባት ሣጥን ከገደል አፋፍ ላይ ወዳለ ቀበሌ ማድረስ ከሆሊስተር ሁከት ይልቅ ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ፊልም አድርጎ ያሳየን ሰው አላጋጠመንም። በሌላ በኩል ደግሞ ሞተሩ በአገራችንም የፍርሃት ስም አላጣም፤ የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንጀል በዝቷል በሚል ምክንያት ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማይቱ እንዳይዘዋወሩ መከልከሉ ይታወሳል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። አማርኛ በዚህ ረገድ ብልኅ ቋንቋ ነው፤ ከሕግ የወጣውን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። ቀማኛ አለ፣ ወንበዴ አለ፣ ዱርዬ አለ፣ ሽፍታ አለ። ዱርዬውም ሽፍታውም ስማቸው ከዱር ጋራ የተያያዘ ነው፤ የሸፈተውን ሰው «ዱር ቤቴ አለ» እንለዋለንና። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። ዱርዬ ምክንያት የለውም። ሽፍታ ግን ምክንያቱን የሚጠይቀው ሰው ቢያገኝ መልስ አለው፤ ርስቴን ተነጠቅሁ፣ ፍርድ ተጓደለብኝ፣ የወንድሜ ደም ፈሰሰ ይላል። መልሱ እውነት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን መልስ መስጠት እንደሚገባው ያውቃል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አምባ አለ። ካሳ ኃይሉ በቋራ በረሃ ሸፍቶ በነበረ ጊዜ የዘረፈውን ገንዘብ ለባላገሩ ለእርሻ መሣሪያ ይሰጥ እንደ ነበር ይተረካል፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚሁ አምባ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ከአባይ ማዶም የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ስም አለ። እርሱም ከጠላት ወረራ አስቀድሞ የሸፈተ፣ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ታላቅ ገድል የፈጸመ፣ ከነጻነት በኋላ ግን በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የተቀጣ ሰው ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ በእኛ ታሪክ ከሽፍትነት ወደ ዙፋን፣ ከስቅላት ወደ መታሰቢያ የሚወስድ መንገድ ተከፍቶ ኖሯል። ሽፍታው ከሕዝቡ ወጥቶ ይሄዳል፤ በሕይወቱ ወይም በስሙ ተመልሶ ይመጣል።

የመመለሻው በርም የታወቀ ነው። በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች በእስላሙና በክርስቲያኑ ዘንድ ተከብረው ደም ሲያደርቁ ኖረዋል። የሸፈተውን ሰው የሚያስገቡት ሽማግሎች ናቸው፤ ካሳው ይቈረጣል፣ መሐላው ይፈጸማል፣ ሰውየውም ወደ ማሳው ይመለሳል። የአገራችን ሲኒማ ገና በልጅነቱ ሳለ ይህን ነገር ልብ ማለቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ከታየ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው «ጉማ» የተባለው ፊልም ገዳይ የደም ዋጋ የሚከፍልበትን ሥርዐት ርእሱ አድርጎ በ1966 ዓ.ም. ወጥቷል። አሜሪካኖቹ መሄድን ሲያሳዩ የእኛው መመለስን ለማሳየት ሞክሯል ማለት ነው።

የአሜሪካው ሞተረኛ ግን በፊልሙ ውስጥ መመለሻ የለውም። ከፊልሙ ውጭ የሆነው ደግሞ የሚያስገርም ነው። ሄልስ ኤንጅልሶች «ዘ ዋይልድ ኤንጅልስ» ስማችንን አጠፋ ብለው ኮርማንን በፍርድ ቤት ከሰሱት። ሕግን ንቀናል ያሉት ሰዎች ስማቸው በተነካ ጊዜ ጠበቃ ይዘው ወደ ዳኛ ሄዱ። በዚህ አንስቅባቸውም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ በመጨረሻ ዳኛ እንደሚያስፈልገው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችን ማድላት አይገባም። ሽፍታውን አሳምረን ባለሞተሩን ብቻ ብንወቅስ ሚዛናችን የተጣመመ ይሆናል። ሽፍታን የመገበው ባላገሩ ነው፤ በውድ የመገበ አለ፣ በግድም የመገበ አለ። በአባይ በረሃ ጨውና አሞሌ ጭኖ ሲያልፍ የተዘረፈው ነጋዴ ቀረርቶ አልወጣለትም፤ የመንደሩ አዝማሪ ያዜመው ለዘራፊው ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ የተኩስ ድምፅ የሰማ፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ሕዝብ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው በመንገድ ላይ መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ከሲኒማ መማር አያስፈልገውም። በካሊፎርኒያ ሜዳ ላይ ወጣቱ በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያየው የዕረፍት ቀን ሕልም ነበር። ለእኛ ግን ሕልም አይደለም። ስለዚህ ፊልሙን የምናይበት ዐይን ከእነርሱ ይልቅ የነቃ ሊሆን ይገባዋል።

ይልቁንም በአንድ ነገር ላይ ወቀሳችን ጽኑ ነው። በ«ዘ ዋይልድ ኤንጅልስ» ሞተረኞቹ የናዚን ምልክት እንደ ጌጥ ይለብሱታል፤ የሞተውን ባልንጀራቸውን ሣጥን ሳይቀር በዚያው ምልክት ይሸፍኑታል። ዓላማቸው የአባቶቻቸውን ትውልድ ለማስቈጣት ብቻ ነው። ነገር ግን በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በፋሺስት አይሮፕላኖች ቦምብ ስትደበደብ ያየ ሕዝብ፣ የዚያ ወገን የሆነ ምልክት የማስቈጫ አሻንጒሊት ሲሆን ዝም ብሎ ሊያይ አይችልም። ምክንያት የሌለው ዐመፅ የሚደርስበት ስፍራ ይህ ነው፤ ምልክትን ከትርጕሙ ለይቶ ይጫወትበታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ፊልሞቹ ፍርዳችንን እንስጥ። «ዘ ዋይልድ ዋን» በተዋናዩ ችሎታ የተያዘ እንጂ በሐሳቡ ጠንካራ አይደለም፤ ዱርዬውን እያደነቀ ይገሥጸዋል፣ እየገሠጸም ያደንቀዋል። «ኢዚ ራይደር» በመንገዱ ውበት ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ለሁለቱ ሰዎች እጅግ ያዝንላቸዋል፣ ለሚያልፉበት አገር ሰው ግን አያዝንም። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ሻካራው «ዘ ዋይልድ ኤንጅልስ» ነው። በመጨረሻው ትርኢት ሞተረኞቹ ባልንጀራቸውን ሊቀብሩ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይመጣሉ፤ ከከተማው ሰዎች ጋራ ድብድብ ይነሣል፤ የፖሊስ ሳይረን ሲሰማ ሁሉም ይበተናሉ። ፒተር ፎንዳ የሚጫወተው መሪያቸው ግን የሚሄድበት ስፍራ እንደሌለው ተናግሮ ይቀራል፤ አካፋውንም አንሥቶ በመቃብሩ ላይ አፈር ይመልሳል። ሲጋልብ የኖረው ሰው በመጨረሻ ያገኘው ሥራ መቅበር ብቻ ነው። በጥቂት ሳምንታት በተሠራ ርካሽ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ እውነት መገኘቱ የሚደነቅ ነው። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው የአባቶች ቃል ለብዙ ተመልካች ይስማማል፤ ይህ ፊልም ግን ሣሩንም ገደሉንም አሳይቷል፤ ገደሉን ሳያዩ የሚነሡት ተመልካቾቹ ናቸው።

ስለሆነም ይከልከል የሚለውን ሐሳብ አንደግፍም፤ የእንግሊዞቹ ክልከላ ምን ያህል እንደ ጠቀመ ከላይ ተመልክተናል። ደግሞም በዚህ ዘመን ፊልም በወጣቱ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ይዞራልና ከልካዩ ደጁን የሚዘጋበት አዳራሽ የለም። የሚሻለው መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋራ ተቀምጠው ሦስት ጥያቄ ቢጠይቁ ነው፤ ይህ ሰው የሸፈተው በምን ምክንያት ነው? ሲሸፍት የሚያበላው ማን ነው? ሲመለስ የሚቀበለውስ ማን ነው? እነዚህን የጠየቀ ወጣት ማንኛውንም ፊልም ቢያይ አይጎዳም።

ለአገራችን ፊልም ሠሪዎችም የምንለው አለን። ተመልካቹ የአማርኛ ፊልሞችን የፍቅር፣ አስቂኝ የፍቅር፣ ልብ አንጠልጣይ እያለ በየስማቸው ለይቷቸዋል፤ የሽፍታው ታሪክ ግን ከእነዚህ መካከል እምብዛም ስፍራ አላገኘም። ገንዘብ የለንም ማለት በቂ ምክንያት አይሆንም፤ የደንቆሮ ጫካ፣ የበሽሎ ሸለቆ፣ የአባይ ገደል ያለ ኪራይ የተዘረጉ መድረኮች ናቸው። ነገር ግን ካሜራው ፈረሰኛውን ብቻ ተከትሎ እንዳይሄድ አደራ እንላለን። ስንቁን እያለቀሰች የምትቋጥረውን እናት፣ አህያው የተወሰደበትን ነጋዴ፣ ደጅ ላይ ተቀምጠው ካሳ የሚቈርጡትን አበጋሮች፣ የትንሿንም ከተማ ሰው ያሳየን። ሞተረኞቹን ያጠፋቸው ፍጥነታቸው አይደለም፤ ከኋላቸው የሚጠብቃቸው አገር አለመኖሩ ነው። እኛ ደግሞ፣ ምስጋና ለሽማግሎቻችን ይሁንና፣ የሸፈተን ሰው ግባ የሚል ቃል ገና ከአፋችን አልጠፋም፤ ኪነ ጥበባችን ሊጠብቅልን የሚገባውም ይህንኑ ቃል ነው።